የጅረት ደለል የተፈጥሮ ጨረራ አለካክ፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ጤና ሥጋት ስሌት

በማንኛውም አፈርና ዐለት ውስጥ ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ ያሉ ሦስት የጨረራ ምንጮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ዩራኒየም-238 ከነተከታዮቹ (ሲፈራርስ በተራ ከሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ጋር)፣ ቶሪየም-232 ከነተከታዮቹ፣ እንዲሁም ፖታሲየም-40 ናቸው። ጅረት እነዚህን የያዘውን ዐለት ሸርሽሮ ያወርዳል፤ ያወረደውንም እንደ ክብደቱና እንደ ቅንጣቱ መጠን እየለየ በየቦታው ይጥለዋል። ስለዚህ አንድ እፍኝ ደለል የተወሰደበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ያለውን ተፋሰስ በሙሉ የሚወክል ናሙና ሊሆን ይችላል። ይህ መመሪያ የጋማ (ከእነዚህ ምንጮች የሚወጣ ዘልቆ ገብ ጨረር) መለኪያ መሣሪያ ላላቸው የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎችና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች የተጻፈ ሲሆን፣ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናቸው።

1. አስቀድሞ ጥያቄውን መወሰን

ወደ ጅረቱ ከመውረድዎ በፊት መልስ የሚፈልጉለትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የዚህ ጅረት አሸዋ ለቤት ግንባታ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄና «ከላይ ያለው የማዕድን ሥራ በጅረቱ ላይ የጨመረው ነገር አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠይቁት የናሙና አወሳሰድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው አሸዋው ከሚጫንበት ክምር መውሰድ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን ከሥራው በላይ፣ በአጠገቡና ከበታቹ የተወሰዱ ናሙናዎች የግድ ያስፈልጋሉ። ከበላይ የተወሰደ ማነጻጸሪያ የሌለው ጥናት የጅረቱን መጠን ይነግረናል እንጂ የማዕድን ሥራውን ድርሻ ሊነግረን አይችልም።

ቀጥሎ የአካባቢውን የሥነ ምድር ካርታ ይመልከቱ። ባዛልት በአጠቃላይ ዩራኒየምና ቶሪየም የሚያንሰው ዐለት በመሆኑ፣ በባዛልት በተሸፈነው የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ የሚፈሱ ጅረቶች ዝቅተኛ መጠን ቢያሳዩ የሚያስደንቅ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት ራዮላይት፣ ኢግኒምብራይትና ፐሚስ ግን ከባዛልት ይልቅ በሦስቱም ምንጮች የበለጸጉ ናቸው። በደቡብ፣ በጉጂ ዞን፣ የአዶላ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም በሚገኙበት አካባቢ ደግሞ ግራናይትና ፔግማታይት አሉ። ታንታለም የሚወጣበት ማዕድን በተፈጥሮው ዩራኒየምና ቶሪየም በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚፈስ ጅረት ከሌላው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

ወርቅ በሚታጠብበት ጅረት አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። ባሕላዊ ወርቅ አጣቢው ቀላሉን አሸዋ አጥቦ ሲያስወግድ በገበታው ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው፤ በዚህ ጥቁር አሸዋ ውስጥ ከማግኔታይትና ከኢልመናይት ጋር ዚርኮንና ሞናዛይት ሊገኙ ይችላሉ። ሞናዛይት ዋነኛ የቶሪየም ተሸካሚ ማዕድን ነው። ስለዚህ የጅረቱ ተራ ደለልና ከእጥበት የተረፈው ጥቁር አሸዋ ለየብቻ መወሰድና ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት ሁለቱንም የማይወክል ቁጥር ይሰጣል።

2. ናሙና መውሰድ

ናሙና የሚወሰደው ጎርፉ ጎድሎ ደለሉ ሲረጋ ነው። በደጋው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመቻል፤ በጉጂና በቦረና ግን የዝናቡ ወራት ከደጋው ስለሚለዩ፣ ከኅዳር ዝናብ በኋላ ያሉትን ታኅሣሥንና ጥርን መምረጥ ይሻላል። ወደ ሥፍራው ሲደርሱ በቅድሚያ ለቀበሌው አስተዳደርና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ዓላማዎን ያስረዱ። መለኪያ ይዞ በጅረት ዳር የሚዞር እንግዳ ብዙ ወሬ ያስነሣል፤ በተለይ ማዕድን ባለበት አካባቢ።

ቦታው ላይ በእጅ የሚያዝ የጨረራ መለኪያ ካለዎት፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርገው በመያዝ በየነጥቡ ብዙ ንባቦችን ወስደው አማካዩን ይመዝግቡ። ይህ ንባብ ከፍ ያሉ ቦታዎችን ለመለየት ይጠቅማል እንጂ የላቦራቶሪውን ልኬት አይተካም፤ መሣሪያው የሚያነበው የመሬቱን ጨረራ ብቻ ሳይሆን ከሕዋ የሚመጣውንም ጭምር ነውና። በአዲስ አበባ ከፍታ ከሕዋ የሚመጣው ጨረራ በባሕር ጠለል ካለው ከሁለት እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ የደጋን ንባብ ከቆላ ንባብ ጋር ሳያስተካክሉ ማነጻጸር የተለመደ ስሕተት ነው።

ደለሉን ውኃው ቀስ ከሚልበት፣ ከጅረቱ መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን ይውሰዱ። በየነጥቡ ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ጥቂት ሜትሮች ተራርቀው ከሚገኙ 5 ቦታዎች ቆንጥረው በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ያዋሕዱና ጠጠሩንና ሥሩን ለቅመው ሁለት ኪሎ ግራም ያህል እርጥብ ደለል በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ያኑሩ። ከድልድይ ሥር፣ ከመንገድ ጠጠር መድፊያና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አይውሰዱ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ድንጋይ የጅረቱ ድንጋይ አይደለም። የነጥቡን መለያ፣ ቀኑን፣ የጂፒኤስ አቀማመጡንና ከፍታውን በእርሳስ በወረቀት ላይ ይጻፉና ከረጢቱን በሁለተኛ ከረጢት ከትተው ወረቀቱን በመካከላቸው ያስገቡ። በየ10 ናሙናው ቢያንስ አንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ ይውሰዱ፤ ሁለቱ ውጤቶች ምን ያህል እንደሚለያዩ ሳያውቁ በነጥቦች መካከል የታየውን ልዩነት መተርጎም አይቻልም።

ጓንትና ቦቲ ያድርጉ። ይህ ስለ ጨረራው አይደለም፤ በተለመደ መጠን ያለ ደለል በእጅ ቢነካ የሚያመጣው የጨረራ ጉዳት የለም። በብዙዎቹ የአገራችን ጅረቶች ውኃው ውስጥ ለሚገባ ሰው ይበልጥ የሚያሰጋው ቢልሃርዚያ ነው።

3. ማድረቅ፣ መንፋትና ማሸግ

በላቦራቶሪ ደለሉን በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ያድርቁ። ውጤቱ በደረቅ ኪሎ ግራም ስለሚገለጽ፣ በውስጡ የቀረ እርጥበት ውጤቱን ያሳንሰዋል። የደረቀውን በሙቀጫ ፈትተው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉ፤ በዚህ ጊዜ የአቧራ መከላከያ ጭምብል ማድረግ ተገቢ ነው። በሁለት ናሙናዎች መካከል ወንፊቱንና ሙቀጫውን በደንብ ያጽዱ፤ ከጥቁር አሸዋ የቀረ ጥቂት ቅንጣት የሚቀጥለውን ናሙና ሊያበላሸው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻና ከሁሉም በላይ ቸል የሚባል ነው። ከዩራኒየም-238 ተከታዮች አንዱ የሆነውን ራዲየም-226ን በተለመደው መንገድ የምንለካው በቀጥታ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በሚመጡት በሊድ-214 እና በቢዝመዝ-214 በኩል ነው። በመካከላቸው ደግሞ ራዶን-222 አለ፤ ራዶን ጋዝ በመሆኑ ከደለሉ ውስጥ አምልጦ ሊወጣ ይችላል። ካመለጠ ተከታዮቹም አብረውት ስለሚጠፉ መሣሪያው ራዲየሙን ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ናሙናውን በመያዣው ውስጥ እስከ አፉ ድረስ ጠቅጥቀው ሞልተው፣ ከክዳኑ ሥር ባዶ አየር ሳይተዉ፣ መዝነውና ክብደቱን መዝግበው፣ ክዳኑን በሲሊኮንና በፕላስተር ያሽጉት። ተራ ስስ ፕላስቲክ ራዶንን በዝግታ ስለሚያሳልፍ፣ ወፍራም መያዣ ወይም ክዳኑ የሚገጥም የብረት ጣሳ ይመረጣል።

የታሸገው ናሙና ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። የራዶን-222 ግማሽ ዕድሜ (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 3.82 ቀን በመሆኑ በ28 ቀን ውስጥ ከሰባት በላይ ግማሽ ዕድሜዎች ያልፋሉ፤ ያኔ ራዶንና ተከታዮቹ ከራዲየሙ ጋር ከ99 በመቶ በላይ ይመጣጠናሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ደርሷል ተብሎ በሳምንቱ የሚለካ ናሙና ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን የራዲየም መጠን ነው ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም።

4. መሣሪያውን ማዘጋጀት

በአገልግሎት ላይ የሚውሉት ዲቴክተሮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ዋጋው ዝቅ ያለ፣ በክፍል ሙቀት የሚሠራና ጋማን በመያዝ ጎበዝ ነው፤ ይሁን እንጂ በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጋማ ኢነርጂ መለኪያ) ላይ የመለየት አቅሙ 7 በመቶ ያህል በመሆኑ ተቀራራቢ ጉብታዎችን (በአንድ ኢነርጂ ላይ ቆጠራው ጎልቶ የሚታይባቸውን ቦታዎች) ያደባልቃል። ከፍተኛ ንጽሕና ያለው የጀርማኒየም ዲቴክተር በ1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስፋት ያላቸውን ጉብታዎች ይለያል፤ ነገር ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ካልቀዘቀዘ አይሠራም። የፈሳሽ ናይትሮጅን አቅርቦት በሚቆራረጥበት ቦታ በሚገባ የተስተካከለ ሶዲየም አዮዳይድ ሥራ ከፈታ ጀርማኒየም ይሻላል።

በመጀመሪያ የኢነርጂ ማስተካከያ ይደረጋል፤ ለዚህም የሲዚየም-137 የ661.7 እና የኮባልት-60 የ1173.2 እና የ1332.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማዎች ያገለግላሉ። ቀጥሎ የብቃት (ዲቴክተሩ ከሚወጡት ጋማዎች የሚቆጥረው ድርሻ) ማስተካከያ ይመጣል። ይህ የሚከናወነው መጠናቸው በሚታወቅ የማመሳከሪያ ዱቄቶች ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ የሚያሰራጫቸው ሦስቱ፦ በኪሎ ግራም 4,940 ቤክሬል (አንድ ቤክሬል በሰከንድ አንድ የአቶም መፈራረስ ነው) ዩራኒየም-238፣ 3,250 ቤክሬል ቶሪየም-232 እና 14,000 ቤክሬል ፖታሲየም-40 የያዙት፣ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ናቸው። ማመሳከሪያው ናሙናው በሚቀመጥበት ዓይነት መያዣ፣ በተመሳሳይ ከፍታ መሞላት አለበት። የብረት ማዕድን የበዛበት ጥቁር አሸዋ ከማመሳከሪያው ይልቅ ስለሚከብድ የራሱን ጋማ በራሱ ውስጥ ያስቀራል፤ ይህ በዝቅተኛ ኢነርጂ ላይ የሚያመጣውን ጉድለት ማስላት ካልተቻለ ከ500 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ባሉት ጉብታዎች ላይ መመርኮዝ ይሻላል።

በመጨረሻም ባዶ መያዣ በዲቴክተሩ ላይ አኑረው ለናሙናው ከሚሰጡት ጊዜ በማያንስ ቆይታ ዳራውን (ናሙና ሳይኖር የሚቆጠረውን ጨረራ) ይለኩ። የላቦራቶሪው ግድግዳ ራሱ ፖታሲየም ስላለው፣ አየሩም ራዶን ስለሚይዝ፣ ዳራው ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ የተለካ ዳራ ለዓመቱ ሁሉ አያገለግልም።

5. መለካትና ስፔክትረሙን ማንበብ

እያንዳንዱን ናሙና ከ10 እስከ 24 ሰዓት ይለኩ። ለፖታሲየም-40 የ1460.8፤ ለራዲየም-226 የሊድ-214ን 351.9 እንዲሁም የቢዝመዝ-214ን 609.3 እና 1764.5፤ ለቶሪየም-232 የአክቲኒየም-228ን 911.2 እንዲሁም የታሊየም-208ን 583.2 እና 2614.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉብታዎች ያንብቡ። በሶዲየም አዮዳይድ ሲሠሩ የ1460.8፣ የ1764.5 እና የ2614.5 መስኮቶች (በጉብታው ዙሪያ የሚቆጠርባቸው የኢነርጂ ክልሎች) ብቻ ይበቃሉ፤ ሆኖም ከ2614.5 ተበትኖ ወደ ታችኞቹ መስኮቶች የሚወርደውን ቆጠራ መቀነስ አይዘንጉ።

በዚህ መንገድ የተገኘውን ውጤት «ራዲየም-226» ብለው ይመዝግቡ፤ «ዩራኒየም-238» አይበሉ። ባልተነካ ዐለት ውስጥ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጅረት ውስጥ ግን ዩራኒየም በውኃ ይሟሟል፣ ራዲየም ደግሞ በሌላ መንገድ ይጓዛልና መለያየታቸው የሚጠበቅ ነው። ዩራኒየሙን በእርግጥ ማወቅ የፈለገ በጀርማኒየም ዲቴክተር የ63.3 ወይም ደካማውን የ1001 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉብታ ይፈልግ።

6. ከቆጠራ ወደ ቤክሬል

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዳራው የተቀነሰለት የጉብታው ቆጠራ፣ ለብቃቱ፣ ለጋማው የመውጣት ዕድል (በአንድ መፈራረስ ያ ጋማ የሚወጣበት ድርሻ)፣ ለሰከንዱና ለደረቅ ክብደቱ ብዜት ይካፈላል። ለማስረዳት ያህል የፈጠርነውን ናሙና እንውሰድ። ክብደቱ 0.5 ኪሎ ግራም፣ የልኬቱ ጊዜ 86,400 ሰከንድ፣ በ1460.8 ላይ ብቃቱ 0.01 ቢሆን፣ የፖታሲየም-40 ጋማ የመውጣት ዕድል 0.107 ስለሆነ አካፋዩ 46.2 ይሆናል፤ የተጣራው ቆጠራ 32,350 ከሆነ ውጤቱ 700 ቤክሬል በኪሎ ግራም ነው። የዚህ ቆጠራ የራሱ መዋዠቅ ከ1 በመቶ በታች ቢሆንም፣ የብቃቱ ማስተካከያ 5 በመቶ ቢሳሳት ውጤቱም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይሳሳታል። ስለዚህ ውጤቱን በሦስት የነጥብ አሃዝ መጻፍ ያልተገኘን ትክክለኛነት እንደተገኘ አድርጎ ማቅረብ ነው።

መሣሪያው ሊያየው የሚችለውን ዝቅተኛ መጠንም ያስሉ። የዳራው ቆጠራ ስኩዌር ሩት በ4.65 ተባዝቶ 2.71 ይደመርበታል፤ ድምሩም ከላይ ለተጠቀሰው አካፋይ ይካፈላል። ከዚህ በታች የወደቀ ናሙና «ዜሮ» ተብሎ አይጻፍም፤ «ከዚህ መጠን በታች» ተብሎ ይጻፋል።

7. የጤና ሥጋቱን ማስላት

በምሳሌያችን ራዲየም 40፣ ቶሪየም 60፣ ፖታሲየም 700 ቤክሬል በኪሎ ግራም ይሁኑ። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረራ ውጤቶች ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ባወጣው ዘገባ የዓለም አፈር መካከለኛ መጠን 35፣ 30 እና 400 ተብሎ ስለተቀመጠ፣ ናሙናችን በቶሪየም እጥፍ ነው ማለት ነው። ይህ ከፍ ያለ መሆኑን እንጂ አደገኛ መሆኑን አያሳይም።

ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ በአየር የሚገኘው የጨረራ መጠን፣ ራዲየም በ0.462፣ ቶሪየም በ0.604፣ ፖታሲየም በ0.0417 ተባዝተው ሲደመሩ 84 ናኖ ግሬይ (ግሬይ በቁስ የተዋጠ ጨረራ መለኪያ ነው) በሰዓት ይሆናል፤ የዓለም አማካይ 59 ነው። ሰው ከጊዜው 20 በመቶውን ከቤት ውጭ ያሳልፋል ተብሎ ሲሰላ፣ 84 በ8,760 ሰዓት፣ በ0.2 እና ግሬይን ወደ ሲቨርት (በሰውነት ላይ ያለውን የጤና ጉዳት ያገናዘበ መለኪያ) በሚለውጠው 0.7 ተባዝቶ በዓመት 0.10 ሚሊ ሲቨርት ይሰጣል። ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ምንጮች ሁሉ የሚደርሰው የዓለም አማካይ በዚያው የ2000 ዘገባ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ተብሎ መቀመጡን ከዚህ ጋር ያስተያዩ። ቀመሩ ሰፊና ጠፍጣፋ መሬትን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ ለጠባብ የጅረት ዳር ከፍ ያለ ግምት ይሰጣል። ደግሞም 20 በመቶውን ጊዜውን በጅረት ውስጥ የሚያሳልፍ ማን ነው? አሸዋ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ በዓመት 2,000 ሰዓት ቢሠራ 0.12 ሚሊ ሲቨርት ያገኛል፤ አልፎ አልፎ ውኃ የምትቀዳ እናት ግን የዚህን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ። የአካባቢውን ሰው ኑሮ ጠይቆ በትክክለኛው ሰዓት ማስላት ከተለመደው 0.2 ይሻላል።

አሸዋው ለግንባታ የሚውል ከሆነ የራዲየም አቻ የሚባለው መለኪያ ይሰላል፤ ይኸውም ራዲየም፣ ቶሪየም በ1.43 እና ፖታሲየም በ0.077 ተባዝተው ሲደመሩ ነው። በምሳሌያችን 180 ይሆናል፤ ወሰኑ 370 ቤክሬል በኪሎ ግራም ነው። ይህ ወሰን የወጣው ለግንባታ ዕቃ ነው። ማንም ቤት ለማይሠራበት የጅረት ጭቃ «ከ370 በታች ስለሆነ ጅረቱ ለጤና አያሰጋም» ብሎ መደምደም፣ በብዙ ጽሑፎች ቢታይም፣ ቀመሩ ያልተሠራበትን ጥያቄ እንዲመልስ ማስገደድ ነው።

የካንሰር ሥጋት ስሌትም እንዲሁ በጥንቃቄ ይያዝ። ዓመታዊው መጠን በሲቨርት በ70 ዓመትና በ0.05 (በአንድ ሲቨርት የሚገመተው የካንሰር ሥጋት) ሲባዛ በምሳሌያችን ከ10,000 ሰው 3.6 ይወጣል። ይህ ለማነጻጸሪያ የሚጠቅም ግምት ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን እጅግ አነስተኛ መጠኖችን በብዙ ሕዝብ አባዝቶ የሚሞቱ ሰዎችን ቁጥር ማውጣትን አይደግፍም፤ ስለዚህ «በዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ሰው ይሞታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሪፖርትዎ ውስጥ ሊገኝ አይገባም። ለሕዝብ የተቀመጠው የ1 ሚሊ ሲቨርት ዓመታዊ ወሰንም ከሰው ሥራ ለሚመጣው ጭማሪ እንጂ ላልተነካ የተፈጥሮ ጨረራ አይደለም። ከማዕድን ሥራ በታች ያለ ጅረት ሲመረመር ሊታይ የሚገባው ከላይና ከታች በተወሰዱት ናሙናዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከውጭ ከሚመጣው ጋማ ይልቅ በእውነት ሊያሰጉ የሚችሉት ወደ ሰውነት ውስጥ የሚገቡት ናቸው። ራዲየም የበዛበት አሸዋ በቤት ግድግዳና ወለል ውስጥ ሲገባ፣ ቤቱም አየር የማይዘዋወርበት ሲሆን፣ ራዶን ሊጠራቀም ይችላል፤ ራዶን ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛ የሳንባ ካንሰር መንሥኤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሜትር ኩብ 100 ቤክሬልን እንደ ማነጻጸሪያ አስቀምጧል፤ ይህን ማሳካት በማይቻልበት ቦታም ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል። የደለሉ ራዲየም ከፍ ብሎ ከተገኘ ተጨማሪ ደለል ከመለካት ይልቅ በቤቶቹ ውስጥ የራዶን መለኪያ ማስቀመጥ የበለጠ ይጠቅማል። ሰዎች ከጅረቱ የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ውኃው ራሱ ይመርመር፤ ለዩራኒየም የተቀመጠው መመሪያ በሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው። ከደለሉ ቁጥር ተነሥቶ ስለ ውኃው መፍረድ አይቻልም።

8. ውጤቱን ማቅረብ

በሪፖርቱ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሦስቱን መጠን ከነስሕተት ወሰናቸው፣ ናሙናው ታሽጎ የቆየበትን ቀን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የማመሳከሪያውን ማንነትና ዝቅተኛውን የሚታይ መጠን ይጻፉ። ከዩራኒየም ወይም ከቶሪየም ተከታታይ በኪሎ ግራም ከ1,000 ቤክሬል በላይ የተገኘበት ቅሪት ወይም ጥቁር አሸዋ ካለ፣ ይህ በዓለም አቀፉ የደኅንነት መስፈርት ቁጥጥር ሊያስፈልገው የሚችል መጠን ስለሆነ፣ በቅድሚያ ናሙናው በሌላ ላቦራቶሪ ይደገምና ለጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይታወቅ።

ለነዋሪው ደግሞ ውጤቱን በቤክሬል ሳይሆን በሚያደርገው ነገር ይንገሩት፤ አሸዋውን ለቤት መጠቀም ይችላል ወይስ አይችልም፣ ጥቁር አሸዋውን ከመኖሪያ ቤቱ አርቆ ማኖር ይገባዋል ወይስ አይገባውም፣ የሚጠጣው ውኃ ተመርምሯል ወይስ አልተመረመረም። የታሸጉትን ናሙናዎች ውጤቱ እንደ ወጣ አይድፏቸው። መለያቸው ሳይነሣ በደረቅ ቦታ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀመጡ፤ በቁጥሩ ላይ ጥያቄ ያነሣ ሰው ሲመጣ ያንኑ ጣሳ ዳግመኛ በዲቴክተሩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።